አራት ሲባል የማይሄደው ሎኮሞቲቭ

አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ጣቢያው ውስጥ ባዶ በቀረ ክፍል፣ በጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱና ከነዳገቱ ሠራ። ስድስት ዓመት ፈጀበት።

የጣቢያው ኃላፊ ግን ክፍሉን ለመጋዘን ፈለገው። “ዛሬ አስር ሰዓት መጥቼ አያለሁ። ከሄደ ይቀመጥ፤ ካልሄደ ይነሣ” አለው።

በዚያው ቀን ሎኮሞቲቩ እምቢ አለ። በሆዱ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ዲኮደር የምትባል ዕቃ አለች። በሐዲዱ የሚላከውን ትእዛዝ ተቀብላ ሞተሩን የምታዘው እሷ ናት። ሎኮሞቲቩም የሚጠራበት ቁጥር አለው፤ አራት ነው። ዘርጋው በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ አራትን ጠርቶ “ሂድ” ቢለው ንቅንቅ አላለም። ሐዲዱን በአልኮል ወለወለ፤ ጎማዎቹን አጸዳ። ምንም ለውጥ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ካቻቢቴውን አንሥቶ፣ የብየዳ ካውያውን ሶኬት ላይ ሰካ።

ይህን ጊዜ ሬዲዮ ጠጋኟ ጎረቤቱ ኢፍቱ ገባች።

“አቦ ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?”

“ደንቁሯል! ዲኮደሯን ነቅዬ ሽቦውን በቀጥታ ሞተሩ ላይ እበይደዋለሁ።”

“እንደዚያማ ካደረጉ ሞተሩ ይቃጠላል። ካውያውን ይንቀሉና እስቲ መብራቱን ይዘዙት።”

አራትን ጠርቶ መብራት አዘዘ። የሎኮሞቲቩ ግንባር ቦግ አለ።

“ይሰማል እኮ ጋሼ!”

“ሰምቶ እምቢ ካለማ ባሰ! እኔን ነው የናቀው!”

ኢፍቱ ሳቀች። “ከሌላ ሎኮሞቲቭ ጋር አጣምረውት ያውቃሉ?”

ዘርጋው አሰበ። ከወር በፊት አሥራ ሁለት ፉርጎ ዳገት ለማስወጣት፣ በሥራ ዘመኑ እንደለመደው፣ ሁለት ሎኮሞቲቮች አጣምሮ ነበር። አብረው እንዲታዘዙም ሰባት የሚል አንድ ቁጥር ሰጣቸው። ሁለተኛው የጓደኛው ስለነበረ፣ ሥራው ሲያልቅ መንጠቆውን ፈትቶ መለሰለት፤ ከዚያ ወዲህ የራሱንም አልነዳውም ነበር።

“መንጠቆውን ፈቱ እንጂ ለዲኮደሯ አልነገሯትም። መብራቱን በአራት ብታበራም፣ ለመሄድ ግን አሁንም የምትጠብቀው ሰባት ሲባል ነው። እስኪ ሰባትን ይጥሩ።”

ዘርጋው ሰባትን ጠራ። “ሂድ!”

ሎኮሞቲቩ ተፈተለከ!

“ሄደ! ኧረ ኢፍቱ፣ ሄደ!” እያለ ዘርጋው በጠረጴዛው ዙሪያ አብሮት ሮጠ። ቆቡ ከራሱ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። ከዚያ ኢፍቱ እያሳየችው የጥምረቱን ቁጥር ሰረዘ፤ አራትን ጠራ። ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን እየጎተተ ዳገቱን ወጣ።

ኃላፊው ሲገባ ሁለቱን ሲያጨበጭቡ አገኛቸው። ለአፍታ አይቶ ሊሄድ ያሰበው ሰውዬ፣ ባቡሩ አምስት ጊዜ እስኪዞር አልተነቃነቀም። “ለመጋዘን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን” አለ በመጨረሻ።

ወገኖቼ፣ ያ ሎኮሞቲቭ አንድ ቀንም እምቢ አላለም። የመጨረሻውን ትእዛዝ ጠብቆ ቆሞ ነበር፤ ትእዛዙን የረሳው ያዘዘው ሰው ነው። እኛም ልጃችንን “እንግዳ ፊት አትናገር” ብለን እናሳድገዋለን፤ ሲያድግ ደግሞ “ምነው አፍ የለህም?” ብለን እንቆጣዋለን። ሰውን ነቅለን ከመጣላችን በፊት ጥቂት እንታገሥ፤ ቀድሞ የጫንንበትን ትእዛዝ አስታውሰን፣ በራሳችን አፍ እንሻርለት።

ዛሬ እምቢ አለኝ የምትሉትን ሰው፣ ቀደም ሲል ምን ብላችሁት ነበር?