ልምድ ያላቸው ሥራ አስኪያጅ

ዘመዶቿ «ሂሳብ አያያዝ ይሻልሻል» ቢሏት አሻፈረኝ ብላ ኮምፒውተር የተማረች አንዲት የሰበታ ልጅ፣ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው በምላሷ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጤነህ የትምህርት ማስረጃዋን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ልምድ የሌላት ልጅ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ትጠብቃለች ብዬ ልመን? በይ፣ ኮምፒውተሬ ተቆልፏል፤ በአምስት ደቂቃ ክፈቺው። ካቃተሽ ያው በሩ።»

ልጅቱ ጠረጴዛውን ዞረችና ቁጭ እንኳ ሳትል ከፈተችው።

አቶ ጌጤነህ ደነገጡ። «ማነው ያሳየሽ?»

«እርስዎው ነዎት፣ ጋሼ። ፓስወርዱን ጽፈው ስክሪኑ ላይ ለጥፈውታል። እኔ ብሆን ግን ልምድ ስለሌለኝ እደብቀው ነበር።»