የጅቡ ጥናት ደራሲዎች

በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ውድነሽ የምትባል የቀን ሠራተኛ ነበረች። ተቋሙ ጅቦች ምን እንደሚበሉ ያጠና ስለነበር፣ አራት ዓመት ሙሉ ከየገደሉ የጅብ ዓይነ ምድር ስትለቅም፣ ስትፈረፍርና በውስጡ ያለውን አጥንትና ፀጉር ስትለይ ኖረች።

ጥናቱ ለኅትመት ሲደርስ ዳይሬክተሩ ዶክተር ልሳነወርቅ ሠራተኛውን አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው የደራሲዎቹን ስም አነበቡ። አንደኛ ራሳቸው ነበሩ። ቀጥሎ ምክትላቸው፣ የመኪና መውጫ የፈረመው ኃላፊ፣ አንድ ቀን ጃንጥላ ያዋሰው የእህታቸው ባል እያለ ዝርዝሩ አሥራ አራት ሰው ደረሰ።

ውድነሽ እጇን አውጥታ፣ «ዶክተር፣ የእኔስ ስም?» አለች።

ዶክተሩ ተቆጡ። «ሴትዮ፣ መልቀምና መጻፍ አንድ ነው? ደራሲ ማለት ለጥናቱ ከራሱ አውጥቶ ያበረከተ ነው። ከእነዚህ መካከል ከራሱ ምንም ያላወጣ ካለ በስሙ ጥሪውና በአንቺ ይተካ!»

 አለቆቿ በሙሉ ዝርዝሩ ውስጥ ስለነበሩ፣ አንዱን ብትጠራ ከሥራ እንደምትባረር ገብቷታል።

«ኧረ እኔ የማንንም ስም አላሰርዝም» አለች ረጋ ብላ። «ግን ሕጉ እንዲህ ከሆነ ጅቡን አንደኛ ያድርጉት። አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥናት ከሆዱ ያወጣ እሱ ብቻ ነው።»

ዶክተሩ አዳራሹን ዝም ለማሰኘት ሲሞክሩ የራሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው። ስሟም ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ታተመ።