«ገና ነሽ» የተባለችው ሚዳቋ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ እግራቸውን የታመሙ እንስሳት ጠዋት ጠዋት አንድ ዋርካ ሥር ይሰበሰቡ ነበር። እያንዳንዱ በተራው መሃል ገብቶ ይራመዳል። የቀሩት አይተው «ድነሃል» ካሉት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ «ገና ነህ» ካሉት ይቆያል።

ሚዳቋ የምትቀመጠው ከዳር፣ ጭቃው ላይ ነበር። ግልገሏን እህቷ ዘንድ ትታ ስለመጣች ለመመለስ ቸኩላለች።

አንድ ቀን አንበሳ እያነከሰ ተራመደ።

«ጌታዬ፣ አረማመድዎ እንዴት ያምራል! ድነዋል!» አለች ጦጣ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ አንበሳም አመነ።

ሚዳቋ ደግሞ ቀጥ ብላ ተራመደች። ጦጣ ዓይኗን ከአንበሳ ሳታነሳ፣ «አንቺ እንኳ ገና ነሽ፣ እቴ» አለቻት፤ የቀሩትም «ገና ነሽ» አሉ።

«ኧረ እኔን አላመመኝም።»

«ታዲያ ሁላችን ተሳስተን አንቺ ብቻ ልክ ልትሆኚ ነው?»

ሚዳቋ አፈረች። ወደ ቦታዋ ስትመለስ እግሯ ያመማት መሰላትና አነከሰች።

በማግስቱ ሣሩ በእሳት ተያያዘ። ሁሉም ሊሻገሩ በአቅራቢያው ወዳለው ፈፋ ሮጡ። ሚዳቋ ሳታስበው ዘላ ተሻገረች። ዞር ብላ ስታይ አንበሳ ከወዲያ ማዶ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ይዝለሉ እንጂ ጌታዬ፣ ድነዋል እኮ!» ጮኸች ጦጣ ከዛፍ ላይ።

«ያመኛል እኮ» አለ አንበሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«በታች በኩል ጠባብ ነው፤ እያነከሱም ቢሆን በዚያ ይዙሩ» አለችው ሚዳቋ፤ አንበሳም እያነከሰ በዚያ ዞሮ ተሻገረ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሯን አየችው፤ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ግልገሏ ሮጠች።

የእኔ ተረት እዚህ አበቃ፤ ተራው የእናንተ ነው።