ከታች የጀመረችው

የአንድ ጫማ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ደምለው በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ መጻፍ ከጀመሩ ማቆሚያ አልነበራቸውም። አንድ ጠዋት ስለ ሻይ ሰዓት ብቻ ሁለት መቶ አሥር መልእክት ላኩና ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰቡ።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ያላነበበ ዛሬውኑ ይሰናበታል!" አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ዓይኑ እስኪቀላ አንብቧል። የመዝገብ ቤቷ ትሁኔ ግን ወደ ታች የሚወስደውን ቀስት ነክታ የመጨረሻውን ብቻ እንዳነበበች አንዱ አሳበቀባት።

"እውነት ነው?" ብለው አፈጠጡባት።

"አዎ፣ አቶ ደምለው።"

"ሁለት መቶ ዘጠኙን ንቀሽ ነው?"

"ኧረ በጭራሽ! የመጨረሻው፣ 'ተሳስቻለሁ፣ ከላይ የጻፍኩትን ማንም እንዳያነብ' ይላል። እኔ ታዝዣለሁ። ትእዛዝዎን ጥሰው ያነበቡትን እነዚህን ያሰናብቱልኝ።"