የጅቡ ድርቆሽ

አንድ ጊዜ፣ ዝንብ እንኳ ላብ ፍለጋ ከቆላ ወደ ደጋ በተሰደደችበት ዘመን፣ ሸክም የለመደች አንዲት አህያ ነበረች። ድርቁ፣ ማጋነን አይሁንና፣ የዛፉን ጥላ ሳይቀር ሰነጣጥቆት ነበር።

ንጉሥ አንበሳም አዘነና አዋጅ አስነገረ፦ «ከብት ላለቀበት ሁሉ ከቤተ መንግሥት ድርቆሽ ሣር ይሰጠዋል። የሞተበትን ከብት የራስ ቅል ያምጣ፤ ጎረቤትም ይመስክርለት።» ቀበሮ መዝጋቢ ሆነ፤ አህያ ድርቆሹን አመላላሽ።

ታዲያ የራስ ቅል ከተባለ ማን እንደ አያ ጅቦ አለው? ጆንያ ሙሉ እየጎተተ ከሰልፉ ፊት ተገተረ።

«ወየው በሬዎቼ! ወየው ላሞቼ!» እያለ አለቀሰ። እንባ እምቢ ቢለው ምራቁን ጉንጩ ላይ ቀባ።

አህያ ግራ ቀንዱ የተሰበረውን ራስ ቅል ገና ስታየው ለየችው። አብሯት ከአንድ ምንጭ ይጠጣ የነበረው በሬ፣ ዳልቻ ነው። የሞተውም በድርቅ አይደለም፤ አያ ጅቦ አምና በጥጋቡ ጊዜ ነው የበላው።

«እትዬ አህያ፣ ጎረቤቱ አንቺ ነሽ» አለ ቀበሮ። «እነዚህ በድርቁ የሞቱ የአያ ጅቦ ከብቶች ናቸው?» ጠጋ ብሎም «ለመስካሪ አንድ እስር ድርቆሽ አለ» ሲል አንሾካሾከ።

እስሩ የክረምት መስክ ይሸታል። አህያ ምራቋን ዋጠች።

«ናቸው።»

«ናቸው እንዴ?» አለ ጅብ ገርሞት። ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

ቀጥላ ቦራ የምትባለው ላም ከጥጃዋ ጋር እየተንገዳገደች ቀረበች።

«ጌታው፣ ግጦሹ አልቋል። ጡቴ ከደረቀ ጥጃዬ አለቀለት።»

«የራስ ቅልሽስ?»

«ኧረ ገና አልሞትንም!»

«እንግዲያ ምን ጎደለሽ? ሂጂ፣ መስፈርቱን ስታሟዪ ነዪ።»

ቦራ አህያን አየቻት። አህያ ጎንበስ ብላ ጭነቷን ማስተካከል ጀመረች።

ድርቆሹ በጅብ ጉድጓድ ደጃፍ ተከመረ፤ ከመርዘሙ የተነሣ ንሥር እየዞረው ይበር ነበር። አያ ጅቦ አንድ ጉርሻ ዘገነና «ቱ!» አለ። «ይሄ እኮ ሣር ነው! እርዳታ ሲሉኝ ሥጋ መስሎኝ!»

«ካልበላኸው ለቦራ ልውሰድላት» አለች አህያ።

«ንክች እንዳታደርጊ! የተመዘገበልኝ ነው» ብሎ ላዩ ላይ ተጋደመ።

አህያ ወደ አንበሳ ሄዳ እውነቱን ልትናገር አሰበች። ግን የእስሯ ድርቆሽ ገና አላለቀም ነበርና «ነገ እናገራለሁ» አለች። በማግስቱም እንዲሁ አለች።

ለሁለተኛው እደላ አያ ጅቦ አንድ ራስ ይዞ መጣ። ገና ቆዳው አልተላጠም፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለ። ከኋላው አንድ ጥጃ ጭንቅላቱን እያሸተተ ይከተላል።

«ይኸው፣ አሁን መስፈርቱን አሟላች» አለ ቀበሮ። «እትዬ አህያ፣ መስክሪ እንጂ።»

ያን ጊዜ አህያ ጮኸች። «የቦራ ነው! ያኛውም የዳልቻ ነበር! የበላቸው እሱ ነው!» ጩኸቷ ሰባት ተራራ ተሻግሮ አንበሳን ከእንቅልፉ አስነሣው። ቀበሮ ከሹመቱ ተባረረ፤ ጅብ እግሬ አውጪኝ አለ።

አህያ ወደ ክምሩ ሮጠች። ሰሞኑን ጣል ያደረገው ካፊያና የጅብ ገላ አሻግተውት ጠቁሯል። ደህና የመሰለውን መርጣ ለጥጃው አቀረበች። አሸተተና ፊቱን አዞረ። በዚያው ሌሊት ዝናቡ ወረደ፤ በዘጠነኛው ቀን መሬቱ አረንጓዴ ለበሰ፤ ጥጃውም ለጋውን ሣር ብቻውን ነጨ። ቦራን አንድ ሸክም ድርቆሽ ለዚህ ቀን ያደርሳት ነበር።

አህያ ዛሬም ማንም ሳይጠይቃት ድንገት የምትጮኸው ለዚህ ነው፤ ያኔ የዋጠችውን ምስክርነት እየሰጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተራበ የመጣ እርዳታ ሲዘረፍ እያየ ለአንድ እስር ብሎ ዝም ያለ፣ በኋላ የቱንም ያህል ቢጮኽ የሞተውን እንደማያስነሣ ነው።