ሞት ሲመዘገብ የሚጠፋው ኮምፒውተር

አንድ ፕሮግራም ሠሪ ለአንዲት ትንሽ ከተማ የልደትና የሞት መመዝገቢያ ሠርቶ፣ «እንከን የለውም» ብሎ ፈርሞ አስረከበ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጉድ ተሰማ። ልደት ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ሞት ሲመዘገብ ግን ድርግም ይላል። የአንድ ሟች ስም ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ጠፋ።

ከተማው «ሰውዬው አልሞትኩም እያለ ነው» ብሎ አማተበ። ምላሰኞቹ ደግሞ በመዝጋቢዋ በእትዬ ስንዱ ላይ ዞሩ፤ «እጃቸው ክፉ ነው» አሉ። የመዝገብ ቤቱ አለቃም ፕሮግራም ሠሪውን ጠርቶ፣ «ወይ ፕሮግራምህ ነው፣ ወይ ሴትዮዋ ናቸው። እሳቸው ከሆኑ በጽሑፍ ስጠኝና ላሰናብታቸው» አለው።

ፕሮግራም ሠሪው ቢሮውን ዘግቶ ብቻውን የሟቹን ስም ጻፈ። ምንም አልሆነም። አሥር ጊዜ ደገመው፤ ምንም። የሟቹ ምስክሮች ገብተው፣ ስሙ ተጽፎ፣ ለመፈረም ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ሲሉ ግን ድርግም! ሟቹ የሚታዘበው ምስክሮቹን ነው እንዴ? ፈራ፤ መፍራቱን ለመናገር ግን አፈረ። ጥፋቱ የመዝጋቢዋ ነው የሚል ደብዳቤ ጽፎ ኪሱ ከተተ።

«ልጄ፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አሉት እትዬ ስንዱ። «እኔ የነካሁት ነገር የለም።»

ኪሱን ዳበስ አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ ምስክሮቹ ለአምስተኛ ጊዜ መጡ። የአንዱ ሽማግሌ ከዘራ ከጠረጴዛው ስር ወደቀ፤ ፕሮግራም ሠሪው ሊያነሣላቸው ተንበረከከ። እዚያ ቤት ለልደት ወላጅ በእስክሪብቶ ይፈርማል፤ ለሞት ግን ሦስት ምስክሮች ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን ወረቀት ላይ ይጫናሉ። ሽማግሌው ባላቸው ጉልበት ሁሉ ተጫኑ። ጠረጴዛው ተነቃነቀ፣ የጠረጴዛውን እግር የዞረው የኤሌክትሪክ ገመድ ተሳበ። ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ግማሹ ወጥቶ ኖሯል። ከላይ ምስክሮቹ «ወይኔ፣ ጠፋ!» ብለው ጮኹ።

ገመዱን ገፍቶ አጠበቀው። እንደተንበረከከ ደብዳቤውን አውጥቶ ቀደደው።

«እትዬ ስንዱ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ሟቹን ማን ይቅርታ ይጠይቅልህ?»

ወዳጄ፣ ያልገባንን ነገር በሙት ወይም በሰው ማላከክ ቀላል ነው፤ የላላውን ማየት ግን ጉልበት ማጠፍ ይጠይቃል። ለመሆኑ አንተ ኪስ ውስጥ ማንን የሚወነጅል ደብዳቤ አለ?