ቀፎውን ሰቅሎ ሰማይ ያየ ሰው

«አንድ ንብ አናቢ ነበረ፤ ቀፎው ግን ባዶ ነበር» አሉ አባ ወልደ ትንሣኤ። ይህን ያሉት የንስሐ ልጃቸው ስንዱ ላቀረበችላቸው ጥያቄ መልስ ነው። «አባቴ፣ ጸሎቱንም ጾሙንም እያሳነስኩ መጥቻለሁ፤ አምላኬን መናፈቄን ግን አልተውኩም። ይኸው ናፍቆቴ ከፈተና አይጠብቀኝም ወይ?» ነበር ያለቻቸው። አባ ቁጣ ቁጣ አላቸውና ተዉት፤ እሳቸውም ያን ናፍቆት ያውቁታል። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀጠሉ።

ሰውየው ያደገው በንብ ድምፅ ነው። አባቱ ከጓሮው ዋርካ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ስለነበር፣ ጠዋት ሲነቃም ምሳውን ሲበላም ያ ድምፅ ከጆሮው አይለይም ነበር። አባቱ በሞተ በዓመቱ ንቦቹ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ጭር አለ። ለማሩ ብዙም አልተቆጨም፤ የናፈቀው ድምፁን ነው። እርሻ ላይ ሳለ ዝንብ ሽው ካለችበት እንኳ በሬዎቹን አቁሞ ያዳምጣል። ሚስቱ «ደግሞ ከዝንብ ጋር ጀመርክ?» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን አይስቅም። ናፍቆት ያለበት ሰው ቀልድ አይገባውም።

በመስከረም፣ አደይ ሲፈነዳ፣ የአባቱን ቀፎ አወረደ። ጠርጎ፣ በእበት ለቅልቆ፣ በወይራ አጥኖ መልሶ ሰቀለው። ጉንዳን እንዳይወጣም ከዛፉ ሥር አመድ ነሰነሰ። አባቱ ሲያደርግ እንዳየው ነው ያደረገው። አመዱ ዝናብ ሲያጥበው ወይም ነፋስ ሲወስደው ይታደሳል፤ ቀፎውም በየሳምንቱ እየወረደ ይታያል። ሥራው ይኸው ነው። ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው አለማለቁ ነው።

ሁለት ሳምንት እንደ ደንቡ ጠበቀ። በሦስተኛው ዝናብ አመዱን አጠበው፤ ሰውየው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ልብ አላለውም። ያየችው ሚስቱ ናት።

«አንተ፣ ጉንዳን ግንዱን ይዞ እየወጣ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አመድ ጣል አድርግበት።»

«ስንት ቢሆኑ ነው? ንቡ ይግባ እንጂ ራሱ ጠራርጎ ያስወጣቸዋል» አላት።

«ንቡ እስኪገባስ? ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?»

«ኧረ ተይኝ! እኔ ዓይኔ እስኪቀላ የንቦቹን መንገድ ሳይ ነው የምውለው፤ አንቺ ስለ ጉንዳን ታወሪኛለሽ።»

እውነቱን ነው፤ መንገዳቸውን ያያል። ሲያይም እንባው ይመጣል። ዓይኑን ወደ ታች ግን አንድ ቀንም አልመለሰም።

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ፣ ያ ድምፅ መጣ። ሰውየው ማጭዱን ጥሎ ሮጠ። የንቡ መንጋ ከዋርካው በላይ ሲዞር አየ። የልጅነቱ ድምፅ ነው፤ አባቱ የተመለሰ መሰለው። መንጋው ቅርንጫፍ ላይ ሰፈረ። ጥቂት ንቦች ተለይተው ወደ ቀፎው ገቡ። «ግቡ፣ ቤታችሁ ነው፣ ግቡ» እያለ ኩታውን ዘርግቶ ለመነ።

ወዲያው ግን የገቡት ወጡ። ሌሎች ገቡ፤ እነሱም ወጡ። ያን ጊዜ ሰውየው ነገሩ ገባውና አመድ ሊያፍስ ወደ ምድጃው በረረ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሁለት እፍኝ አመድ ይዞ ሲመለስ መንጋው ተነሥቶ ወንዙን እየተሻገረ ነበር። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ቀፎውን አውርዶ ሲከፍተው ጉንዳን እንቁላሉን ጥሎ፣ ቤት ሠርቶ ተቀምጦበታል። ሰውየው ባዶውን ቀፎ አቅፎ አለቀሰ።

አባ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሡ። ስንዱ መታገሥ አቃታት።

«በኋላስ አባቴ? ንቦቹ ተመለሱለት?»

«እሱን ተይው። ቀፎውን ፍቆ፣ አጥቦ፣ እንደገና አጥኖ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ መጀመሪያ የዛፉን ሥር ያያል፤ ቀና የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እስካሁን እየጠበቀ ነው።»

ከዚያም ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቀፎው ያንቺ ልብ ነው። ናፍቆትሽ እውነት ነው፤ አምላክ ራሱ ያሳደረብሽ ስለሆነ አልነቅፈውም። ፈተና ግን ሁልጊዜ እንደ አንበሳ እያገሣ አይመጣም። ብዙ ጊዜ በጉንዳን እግር ነው የሚወጣብሽ፤ ዛሬ አንዲት የተተወች ጸሎት፣ ነገ ትንሽ ሐሜት፣ አንቺም ‹ስንት ቢሆኑ ነው› እያልሽ። ጾምና ጸሎት አመድሽ ናቸው፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥር መልሰሽ ነስንሺ። የምትናፍቂው ይመጣል ልጄ። መንገዱን አይስትም፤ ከደጅሽም ይቆማል። ግን ሲመጣ ቤቱን ማን ይዞት ያገኘዋል?»